ከቡናው ጥላ ሥር፣ ከእንቁላሉ ውስጥ፦ የተሳቢ እንስሳት አንጎል ግራና ቀኙን የሚለይበት መንገድ

በጅማ አካባቢ፣ በጎማ ወይም በማና ወረዳ፣ በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር በሚያድግ ቡና መካከል ያለፈ ሰው፣ ግንድ ላይ ተጣብቃ አንገቷን ሰበር አድርጋ የምትመለከተውን እንሽላሊት ያውቃታል። ዐይኖቿ በጭንቅላቷ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ፣ የመጣውን ሰው በደንብ ለማየት ከሁለቱ አንዱን ማዞር አለባት። የትኛውን? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል፤ ግን ከእያንዳንዱ ዐይን የሚነሣው ነርቭ በተሳቢ እንስሳት ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ተሻግሮ ወደ ተቃራኒው የአንጎል ክፍል ይገባል። በእኛ አንጎል ውስጥ ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኘው ወፍራም የነርቭ ድልድይም እነሱ ዘንድ የለም። ስለዚህ በግራ ዐይኗ የምታይ እንሽላሊት በዋናነት የምታየው በቀኝ አንጎሏ ነው። ዐይን ስትመርጥ የአንጎል ክፍል መምረጧ ነው።

ምርጫው ደግሞ በብዙ ዝርያዎች ላይ ወደ አንድ ጎን ያደላል። አድልዎው ከየት ይመጣል? እናት በዘረ መል ታወርሰዋለች? ሽሉ በእንቁላል ውስጥ ሳለ ይጀምራል? ወይስ ከተፈለፈለ በኋላ በልምድ ይገኛል? ይህ ዳሰሳ በዚህ ላይ የተሠራውን ዋና ዋና ሥራ ያያል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አስቀድሜ አቋሜን ልናገር፦ በዘርፉ ያለው ግርታ አብዛኛው የሚመጣው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን እንደ አንድ ከመቁጠር ነው። አንዱ ግራና ቀኝ አንጎል ለምን ይለያያሉ የሚለው ነው። ሌላው፣ ከተለያዩ ዘንድ፣ ለምን የአንድ ዝርያ እንስሳት ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይለያያሉ የሚለው ነው።

በአዋቂዎቹ እንጀምር። በ1995 ዋላስ ዴክል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ አረንጓዴው አኖሊስ የተባለው እንሽላሊት ከባላንጣው ጋር ሲጣላ ግራ ዐይኑን አብልጦ እንደሚጠቀም አሳየ። በ2001 ዳያና ሂውስና ርብቃ ዎርዚንግተን በሌላ የአሜሪካ እንሽላሊት ላይ ተመሳሳይ ነገር አገኙ፤ ቁጣ በግራ ዐይን፣ ማለትም በቀኝ አንጎል። በጣልያን ቤያትሪቼ ቦናቲና ባልደረቦቿ የግድግዳ እንሽላሊትን ተከታትለው፣ የሚበላውን ነፍሳት በቀኝ ዐይኑ እንደሚያነጣጥር፣ የሚያሳድደውን ጠላት ግን በግራ ዐይኑ እንደሚከታተል ጻፉ። በኤሊዎችም ታይቷል፤ በጀርባዋ የተገለበጠች ኤሊ ለመነሣት ስትታገል ወደ ቀኝ መዞር ይቀናታል። ነገሩ አዲስ ፈጠራም አይደለም። በ2020 ሮበርት ራይዝና ጓደኞቹ ከኦክላሆማ የተገኙ፣ 289 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው ካፕቶራይነስ የተባለ የጥንት ተሳቢ እንስሳ መንጋጋዎችን መርምረው፣ የቀኙ ጎን ጥርሶች ከግራው ይልቅ የተበሉ ሆነው አገኟቸው። ያ እንስሳ በቀኝ በኩል ማኘክ ይወድ ነበር ማለት ነው። ከጥንት ተሳቢ እንስሳት እስከ ዛሬዎቹ የሚደርስ ባሕርይ ስለ መሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

የእስስት ነገር ግን ለየት ይላል። በ2012 በእስራኤል አቪቻይ ሉስቲግ፣ ሐዳስ ኬተር-ካትስና ጋዲ ካትሲር የሜዲትራንያንን እስስት ቀጥ ባለ እንጨት ላይ አስቀምጠው ከግራና ከቀኝ አስፈሪ ነገር አቀረቡበት። እስስት እንዲህ ሲሆን በእንጨቱ ዙሪያ እየተሽከረከረ ከአደጋው ይደበቃል፤ ቡና ቅርንጫፍ ላይ እጁን የሰነዘረበት ልጅ ሁሉ ያየው ነው። ተመራማሪዎቹ እስስቶቹ አድልዎ እንዳላቸው አገኙ፤ ግን በሁለት እኩል ቡድን ተከፍለው፣ ከፊሎቹ ለግራ፣ ከፊሎቹ ለቀኝ። እያንዳንዱ እስስት ጎን አለው፤ እስስቶች በጅምላ ግን ጎን የላቸውም። አንድ ማብራሪያ ይጥማል፦ ጠላት ከየትኛውም አቅጣጫ በሚመጣበት ዛፍ ላይ ሁሉም እስስት በአንድ ጎን ቢያደላ፣ አዳኙ ያንን ጎን ይማረዋል። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ከላይ የለየኋቸው ሁለቱ ጥያቄዎች እዚህ በአንድ እንስሳ ላይ ተለያይተው መታየታቸው ነው። ልዩነቱ አለ፤ የጋራ አቅጣጫው የለም።

ይህን ሁሉ ከመጨበጣችን በፊት ሰዎች ለረጅም ጊዜ የግራ-ቀኝ ክፍፍልን የሰው ልጅ ብቻ ክብር አድርገው ይቆጥሩት ነበር። በ1860ዎቹ ፖል ብሮካ ንግግር በግራ አንጎል እንደሚመራ ካሳየ በኋላ ሐሳቡ ከቋንቋና ከእጅ ጋር ተጣብቆ ቀረ። በ1971 ፈርናንዶ ኖተቦም የወፍ ዝማሬ ይበልጥ በግራው ነርቭ ላይ እንደሚመካ ሲያሳይ ነው በሩ የተከፈተው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪክ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ወደ እንቁላሉ እንግባ።

አካል ከአንጎል በፊት ጎኑን ይለያል። ልብ ወደ አንድ በኩል ይጠመዘዛል፣ ጉበት ወደ ሌላው ያጋድላል። እባብ ዘንድ ነገሩ ጉልህ ነው፤ በአብዛኞቹ እባቦች ቀኙ ሳንባ ረጅም ሆኖ ሲሠራ፣ ግራው ሊኖር እንኳ ቢችል ኢምንት ነው። ይህ የሚወሰነው ሽሉ ገና ቀጭን ንጣፍ ሳለ ነው። በግራው ጎን ኖዳል የተባለ ዘረ መል ይነቃል፣ ሌፍቲ የተባለው መልእክቱ ወደ ቀኝ እንዳይሻገር ይገድበዋል፣ ፒቲኤክስ-2 ደግሞ ግራነቱን ይዞ ያስቀጥላል። በዓሣ፣ በዶሮም፣ በአይጥም፣ በሰውም ያው ነው።

ኖዳልን በግራ ብቻ የሚያነቃው ምንድን ነው? በ1998 በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ በኖቡታካ ሂሮካዋ ቤተ ሙከራ ሺገኖሪ ኖናካና ባልደረቦቹ በአይጥ ሽል ላይ አስደናቂ ነገር አዩ። ኖድ በተባለ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ሲሊያ የሚባሉ ፀጉር መሰል ነገሮች እየተሽከረከሩ ፈሳሹን ወደ ግራ ይነዱታል። በ2002 ደግሞ ፈሳሹን በሰው ሠራሽ መንገድ ወደ ቀኝ ሲነዱት የሽሉ አካላት ቦታ ተገለበጠ። የግራ-ቀኝ ምስጢር ተፈታ ተባለ። በዓሣና በእንቁራሪትም እንደዚያው ሆነ። ብዙ የመማሪያ መጽሐፍ እዚህ ላይ ያቆማል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ተሳቢ እንስሳትና ወፎች በዚህ መንገድ አይሄዱም።

የዶሮው ጉዳይ ቀደም ብሎ ያስቸግር ነበር። በ2009 ጄሮም ግሮና ባልደረቦቹ በዶሮ ሽል ኖድ ዙሪያ ሕዋሶች ራሳቸው ወደ ግራ እንደሚንቀሳቀሱና የዘረ መሎቹን አቀማመጥ እንደሚያዛቡ አሳዩ። የሚሽከረከር ሲሊያ አላስፈለገም። ከዚያ በ2020 ኤሪኮ ካጂካዋና ሂሮሺ ሃማዳ ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ እውነተኞቹ ተሳቢ እንስሳት ዞሩ፤ የማዳጋስካር ምድር ጌኮ የተባለውን እንሽላሊትና ለስላሳ ቅርፊት ያላትን የቻይና ኤሊ መረጡ። በሁለቱም ሽሎች፣ አይጥ ሲሊያዎቿን በምታሽከረክርበት ቦታ፣ የሚንቀሳቀስ ሲሊያ አልታየም። ኖዳል ግን እዚያው ቦታ ላይ ገና ከጅምሩ ግራና ቀኝ ሳይመጣጠን ይነቃል። ከዚህም አልፈው፣ ከጥንት በመባዛት የተገኙ ሁለት የኖዳል ቅጂዎች እንዳሉ፣ በሲሊያ የሚደገፉት እንስሳትና ያለ ሲሊያ የሚሄዱት እነዚህን ቅጂዎች በተለያየ መንገድ እንደሚጠቀሙባቸው አሳዩ። በ2022 ደግሞ ሌላ ቡድን በሲሊያው መንገድ ላይ ብቻ የሚያስፈልጉ ዘረ መሎች ከተሳቢ እንስሳትና ከወፎች እንደጠፉ አተመ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ሲሮፕ የተባለው፣ በሰው ላይ ሲበላሽ የሆድ ዕቃዎች ቦታቸውን ይስታሉ። እንሽላሊት ያንን ዘረ መል ጥላው ልቧን ግን በቦታው ታስቀምጣለች። ከዚህ ሁሉ የምረዳው፣ ግቡ አንድ ሆኖ ሳለ ዝግመተ ለውጥ መነሻውን ያለ ርኅራኄ እንደሚቀያይር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። የአካሉ ግራ-ቀኝ የአንጎሉን ግራ-ቀኝ ይወስናል? ከሰው የሚገኘው መልስ አይደለም ወደሚለው ያዘነብላል። ሲሊያቸው ከማይንቀሳቀስ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ላይ ልብና ጉበት በተገላቢጦሽ ይቀመጣሉ፤ ማኔስ ካርታገነር በ1933 የገለጸው ሕመም ይህ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን እንደ ሌላው ሁሉ አብዛኞቹ በቀኝ እጃቸው ይሠራሉ። ልባቸው ተገልብጧል፤ እጃቸው አልተገለበጠም።

ዓሣ ዘንድ ደግሞ ሁለቱ ይተሳሰራሉ። ዚብራ በሚባለው ትንሽ ዓሣ አንጎል ውስጥ ሀቤኑላ የምትባል ጥንድ ክፍል አለች፤ ግራና ቀኟ አይመሳሰሉም። በ2000 ሚጌል ኮንቻና ባልደረቦቹ የኖዳል ምልክት ሲጠፋ ወይም በሁለቱም በኩል ሲነቃ ምን እንደሚሆን ሞከሩ። ልዩነቱ አልጠፋም፤ አቅጣጫው ግን የዕድል ጉዳይ ሆነ፤ ግማሾቹ ዓሣዎች በግራ፣ ግማሾቹ በቀኝ። ከእስስቶቹ ጋር አንድ ዓይነት ሥዕል ነው። ዚብራ ዓሣን ብቻ ይዞ ሕግ ማውጣት ግን አደገኛ ነው። በ2015 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በሻርክ ወገንና መንጋጋ በሌለው ላምፕሬ ላይ ሲሞክሩ፣ ኖዳል ሲታገድ የሀቤኑላ ልዩነት ራሱ ጠፋ። እነዚያ ጥንታዊ ወገኖች ዘንድ ኖዳል ልዩነቱን ራሱን ይፈጥራል፤ ዚብራ ዓሣ ዘንድ ግን የሚወስነው አቅጣጫውን ብቻ ነው።

በእንሽላሊት ሀቤኑላ ላይ ሌላ ድንቅ ነገር አለ፤ ሦስተኛው ዐይን። በብዙ እንሽላሊቶች ጭንቅላት አናት ላይ፣ በቅርፊቶቹ መካከል፣ ብርሃን የሚለይ እውነተኛ ዐይን አለ፤ ሌንስም ሬቲናም ያለው። በ1886 ደ ግራፍና ባልድዊን ስፔንሰር ነበሩ የገለጹት። በአገራችን ዐለትና ግንድ ላይ ጭንቅላታቸውን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት፣ አጋማ የተባሉት እንሽላሊቶች አላቸው፤ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ነጣ ያለች ነጥብ ይመለከታል። ጌኮና እባብ የላቸውም። በ1981 ጉስታቭ ኤንግብሬትሰንና ባልደረቦቹ ከዚህ ዐይን የሚወርደውን ነርቭ ሲከተሉት ከሁለቱ ሀቤኑላዎች ወደ ግራው ብቻ ሲገባ አገኙት። ዐይኑ በመሃል ተቀምጦ ሳለ ነርቩ ጎን ይመርጣል። እንዲህ ግልጽ የሆነ የአንጎል ግራ-ቀኝ ምልክት ሌላ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል፤ ተሳቢ እንስሳትን ለዚህ ጥያቄ ውድ የሚያደርጋቸውም ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ኖዳልን በሽሉ ላይ የሚያጠኑት ቡድኖች እና ሦስተኛውን ዐይን የሚያጠኑት ቡድኖች ግን አንዱ የሌላውን ጽሑፍ እምብዛም የሚያነቡ አይመስሉም።

እስካሁን ያወራነው ስለ ዘረ መል ነው። ከእንቁላሉ ውጭ ያለው ዓለምም ድርሻ አለው። ይህን ከማንም በላይ ያሳየችው አውስትራሊያዊቷ ሌዝሊ ሮጀርስ ናት፤ ያሳየችውም ጅማ ገጠር ሁሉ ቤት በምትገኘው ዶሮ ነው። ጫጩት በ21ኛው ቀን ከመፈልፈሏ በፊት ባሉት የመጨረሻ ቀናት በእንቁላሉ ውስጥ ተጣጥፋ ስትተኛ ግራ ዐይኗ በገላዋ ይሸፈናል፤ ቀኙ ወደ ቅርፊቱ ይዞራል። በቅርፊቱ በኩል የሚያልፈው ብርሃን የሚደርሰው ለቀኙ ብቻ ነው። በ1982 ሮጀርስ በብርሃንና በጨለማ የታቀፉ እንቁላሎችን አነጻጸረች። ብርሃን ያዩት ጫጩቶች አድልዎ በአንድ አቅጣጫ ወጣ፤ በጨለማ የቆዩት ግን እያንዳንዳቸው ጎን ቢኖራቸውም በጅምላ የጋራ አቅጣጫ አጡ። በ1990 የሽሉን ቀኝ ዐይን ሸፍና ግራውን ለብርሃን ስታጋልጥ አቅጣጫው ተገለበጠ።

ጥቅሙ ምንድን ነው? በ2004 ሮጀርስ ከፓውሎ ዙካና ከጆርጆ ቫሎርቲጋራ ጋር ጫጩቶችን ጥሬ ከጠጠር ለይተው እንዲለቅሙ ትተው በላያቸው የጭልፊት ምስል አሳለፉ። ብርሃን ያዩት ሁለቱን ሥራ ባንድ ጊዜ ቻሉ፤ በጨለማ የተፈለፈሉት ተምታታባቸው። አንድ ዐይን ለጥሬ፣ አንድ ዐይን ለጭልፊት። በማና መንደር ቤት ጥግ ላይ የታቀፈች ዶሮ በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ ለመብላትና ለመጠጣት ትነሣለች፤ እንቁላሉ ብርሃን የሚያየው ያኔ ነው። የመፈልፈያ ማሽን ግን አብዛኛውን ጊዜ ጨለማ ነው። ከማሽን የወጣ ጫጩት ገበሬው ግቢ ገብቶ ጭልፊት ሲወስደው የሚነሣውን ወቀሳ ስሰማ ይህ ሙከራ ትዝ ይለኛል። ለዚያ ኪሳራ ሌላ ብዙ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ይህኛውን ግን ዶሮ አርቢዎች ቢያስቡበት አይጎዳም።

እዚህ ላይ የሰንሰለቱን ቀለበቶች ማየት ያስፈልጋል። ሽሏ በእንቁላሉ ውስጥ ጭንቅላቷን ወደ ቀኝ የምታዞረው አካላዊው የግራ-ቀኝ ሥርዓት ስለጠመዘዛት ነው። ኖዳል አንጎሏን በቀጥታ ባያዝም አንገቷን አዝዟል፤ አንገቷ ዐይኗን፣ ዐይኗ ብርሃኑን፣ ብርሃኑ አንጎሏን። ዘረ መል ወይስ አካባቢ የሚለው ክርክር እዚህ ፊት ትርጉም ያጣል። በጨለማ የታቀፉት ጫጩቶች ላይ እንኳ ከብርሃን ጋር ያልተያያዙ ሌሎች አድልዎዎች ሲቀሩ መታየታቸው ደግሞ ብርሃን ብቸኛው መንገድ እንዳልሆነ ይነግረናል።

የእንሽላሊትና የእስስት እንቁላል ግን አፈር ውስጥ፣ ቅጠል ሥር፣ ግንድ ስንጥቅ ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል። ብርሃን አይደርሰውም። እንሽላሊቶች አድልዎ አላቸው፤ እንቁላላቸው ጨለማ ነው። ስለዚህ የሮጀርስ መልስ፣ ቆንጆ ቢሆንም፣ ለተሳቢ እንስሳት አይበቃም። አፈር ውስጥ የሚለዋወጠው ሙቀት ነው። ሙቀት በአዞ ሽል ላይ ፆታ እንደሚወስን የታወቀ ነው፤ በአርባ ምንጭ አዞዎችም እንዲሁ ነው። በአንጎል ላይም ይሠራል፤ በ2012 ጆሽዋ አሚየልና ሪቻርድ ሻይን ሞቅ ባለ ሙቀት የተፈለፈሉ አውስትራሊያዊ እንሽላሊቶች መጠለያ መምረጥ በቀዝቃዛ ከተፈለፈሉት ይልቅ በተሻለ ሁኔታ እንደተማሩ አሳዩ። ሙቀት ግራ-ቀኙን ይነካል ማለት አይደለም ይህ፤ ሽሉ አንጎል በሚሠራበት ጊዜ ሙቀት ዝም አይልም ማለት ነው።

ከዚህ አንጻር እስስት ልዩ ቦታ ይገባዋል። አብዛኞቹ እንሽላሊቶች እንቁላላቸውን የሚጥሉት ሽሉ ልቡም ቅርጹም ከተበጀ በኋላ ነው፤ የግራ-ቀኝ ውሳኔ በእናት ሆድ ውስጥ ተጠናቋል። ከባሕር ማዶ ጎረቤታችን የሆነው የየመን እስስት ግን ሽሉ ገና የሕዋስ ንጣፍ ሳለ እንቁላሉን ይጥላል፤ በ2015 የታተመ ጥናት ይህን በዝርዝር አሳይቷል። ከዚያም ለመፈልፈል ግማሽ ዓመትና ከዚያ በላይ አፈር ውስጥ ይቆያል። ከሁለቱ እውነቶች የማወጣው ግምት የራሴ ነው፤ የእስስት ግራና ቀኝ የሚለየው በእናት ሆድ የተረጋጋ ሙቀት ውስጥ ሳይሆን ጠዋትና ማታ በሚለዋወጥ አፈር ውስጥ ነው። የሜዲትራንያን እስስቶች በሁለት እኩል ቡድን መከፈላቸው ከዚህ ጋር ቢገናኝ አይደንቀኝም።

ይህ ግምት የሚፈተነው ጅማን በመሰለ ቦታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በዚህች ከተማ ዙሪያ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በጌራና በሰቃ ጨቆርሳ፣ ጥላ ያለው ቡና፣ ጥላው የተመነጠረ ማሳ፣ ጫትና ባሕር ዛፍ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ከዋንዛው ሥር ያለ አፈርና ከጫቱ መደዳ ያለ አፈር እኩል አይሞቁም። እንስሳቱም አሉ፤ የኢትዮጵያ ደጋ እስስት ኤድዋርድ ሩፔል በ1845 የገለጸው የራሳችን ዝርያ ነው፤ እንቁላል ጣይ የሆኑት የኬሜሊዮ ወገን እስስቶችም በአገሪቱ ይገኛሉ። የትኛው የት እንደሚኖር ለማወቅ የማልኮም ላርገንና የስቲቨን ስፖልስ የ2010 መጽሐፍ መነሻ ይሆናል። ልብ በሉ፣ በዚህ ዳሰሳ ጥናት እንደተሠራባቸው የተጠቀሱት እንሽላሊቶችና እስስቶች ከአሜሪካ፣ ከጣልያን፣ ከእስራኤል፣ ከማዳጋስካር፣ ከአውስትራሊያና ከየመን ናቸው።

ሥራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አፈር ውስጥ የሚቀበር ቴርሞሜትር፣ እንቁላሎች በተለያየ ሙቀት የሚቀመጡባቸው ሣጥኖች፣ የተፈለፈሉት ግልገሎች በየትኛው ዐይን እንደሚያዩ የሚቀርጽ ካሜራ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትዕግሥት። ፈቃድ ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ምክር ስለ ቡና ጥላ ከመልኮው የግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ መምህራንና የማስተርስ ተማሪዎች፣ እባካችሁ ርእስ ስትመርጡ ይህን አስቡት። ገበሬዎችም እስስትን ከቡናቸው ላይ ሲያዩ በዱላ አይግደሉት፤ መርዝ የለውም፣ ሰው አይጎዳም፣ የሚበላው ነፍሳትን ነው።